መላጥያ ምን ትሸጣለች?

የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ማልታን ያውቃታል። የሚያሳስተው ስሟ ብቻ ነው። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡን ማዕበል መታው። 276 ሰው ግማሹ እየዋኘ፣ ግማሹ ሳንቃና ስባሪ እንጨት ላይ ተንጠላጥሎ ወደ የብስ ወጣ። እዚያው እሳት ዳር እፉኝት ጳውሎስን እጁ ላይ ነደፈችው፤ ምንም ሳይሆን ቀረ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደሴቲቱን “መላጥያ” ይላታል። የዛሬዋ ማልታ ናት።

ያኔ የአገሬው ሰው ለእንግዶቹ እሳት አነደደ፤ ሦስት ወር አቆያቸው፤ ሲሄዱም የሚያስፈልጋቸውን ጭኖ ሸኛቸው። ዛሬም የደሴቲቱ ሥራ እንግዳ መቀበል ነው። ልዩነቱ፣ አሁን ታስከፍላለች።

ምን ሸጣ ነው የምትኖረው ሲባል “ፀሐይና ባሕር” ብሎ መመለስ ይቀላል። ግማሽ መልስ ነው። ፀሐይና ባሕር ሲሲሊም አላት፣ ቱኒዚያም አላት። ማልታ ግን ከሁለቱም በብዙ ትበልጣለች፤ በነፍስ ወከፍ ገቢ ማለቴ ነው።

ስፋቷ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ 527 ናት። ማልታ፣ ጎዞና ኮሚኖ የሚባሉት ሦስቱ ደሴቶች ተደምረው አዲስ አበባን አያክሉም፤ ስድሳ በመቶዋን ቢሞሉ ነው። ወንዝ የለም። የቧንቧው ውሃ አብዛኛው ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ነው። ማዕድን የለም፣ ነዳጅ የለም። መብራቱ በከፊል ከሲሲሊ በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ይመጣል፤ ገመዱ ሥራ የጀመረው በ2015 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚች ድንጋይ ላይ ወደ 574 ሺህ ሰው ይኖራል። በ2024 ደግሞ 3.56 ሚሊዮን ቱሪስት መጥቶባታል። ለአንድ ነዋሪ ስድስት እንግዳ ማለት ነው።

ማልታ እህሉንም፣ ነዳጁንም፣ ሠራተኛውንም ከውጭ ታስገባለች። በብዛት አምርታ ወደ ውጭ የምትልከው አንድ ነገር ግን አለ፤ ሕግ። ፈቃድ፣ ማኅተም፣ ምዝገባ፣ ባንዲራ። የፓርላማዋን ፊርማ ነው የምትሸጠው። ፊርማው ዋጋ ያወጣውም ደሴቲቱ ከ2004 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለሆነች ነው። ከትንሹ ሱቅ የተቆረጠው ደረሰኝ በትልቁ ገበያ ሁሉ ይሠራል።

ከዚያ በፊት የምትሸጠው ቦታዋን ነበር። በ1530 የስፔኑ ንጉሥ ካርሎስ አምስተኛ ደሴቶቹን ለቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች፣ ለካቶሊክ መነኮሳት ወታደሮች ማኅበር፣ ሰጣቸው። የዓመት ኪራዩ አንድ ጭልፊት ነበር። አዎ፣ ወፏ። በ1565 ኦቶማኖች ከበቧቸው፤ ባላባቶቹ ከአገሬው ሰው ጋር ሆነው መከቱ፤ በማግስቱ ዓመት ዋና ከተማዋን ቫሌታን መገንባት ጀመሩ። በ1798 ናፖሊዮን በቀናት ውስጥ ያዛት። ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዞች ገቡ፣ እስከ 1964 ገዟት። ለእነሱ ማልታ ማለት ወደብ ነበረች። እዚህ ላይ የእኛም ታሪክ ይነካካል። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ እንግሊዞች ከጣሊያን ጋር ብንጣላ ማልታ ለጣሊያን አውሮፕላን ቅርብ ናት ብለው ሰጉ። የሜዲትራኒያን የጦር መርከቦቻቸውን ወደ እስክንድርያ አሸሹ።

ከነፃነት በኋላም ኪራዩ ቀጠለ። በ1972 ጠቅላይ ሚኒስትር ዶም ሚንቶፍ ከብሪታንያና ከኔቶ ጋር ሲጨቃጨቅ ከርሞ የጦር ሰፈሩን ኪራይ በዓመት ወደ 14 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጣው። መጋቢት 31 ቀን 1979 የመጨረሻው የእንግሊዝ ወታደር ወጣ። በዓል ሆኖ ይከበራል፤ የነፃነት ቀን ይሉታል። ቆንጆ ነው፤ ግን ከማግስቱ ጀምሮ ተከራይ የለም። አዲስ ዕቃ መደርደሪያው ላይ መቀመጥ ነበረበት።

የመርከብ ባንዲራ አንዱ ዕቃ ሆነ። ዛሬ በአውሮፓ ትልቁ የመርከብ መዝገብ የማልታ ነው። ባለቤቱ ግሪክ፣ ካፒቴኑ ፊሊፒናዊ፣ ከኋላው ላይ የተጻፈው “ቫሌታ” የሆነ መርከብ በየወደቡ ታያለህ። ብዙዎቹ ቫሌታን አይተዋት አያውቁም። በ1988 ለውጭ ኩባንያዎች የተለየ ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የኮንቴይነር ወደቡ ተከፈተ። ከዚያ የግብሩ ነገር መጣ፤ ዋናው እሱ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ጀርመናዊ ማልታ ውስጥ ኩባንያ አለው እንበል። ኩባንያው 100 ዩሮ አተረፈ። የማልታ የትርፍ ግብር 35 በመቶ ነው፤ በአውሮፓ ከከፍተኞቹ አንዱ። ኩባንያው 35 ዩሮ ከፈለ፣ 65 ቀረ። 65ቱ ለጀርመናዊው በትርፍ ድርሻ ይሰጠዋል። አሁን ጀርመናዊው ወደ ግብር ቢሮው ማመልከቻ ያስገባል። በሕጉ መሠረት ኩባንያው ከከፈለው ግብር ውስጥ ሰባት ላይ ስድስት እጁ ይመለስለታል። 30 ዩሮ። በመጨረሻ ማልታ ኪስ ውስጥ የቀረው 5 ዩሮ ነው። ወረቀቱ ላይ 35 በመቶ፣ በተግባር 5 በመቶ። ሕገወጥ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው። አንድ ትርፍ ሁለት ጊዜ ግብር እንዳይከፈልበት ነው ይላሉ።

የማልታ ስሌት ግልጽ ነው። ያ ትርፍ ጀርመን ቢቀር ለማልታ ዜሮ ነበር፤ 5 ዩሮ ከዜሮ ይሻላል። ከ5 ዩሮው ጋር ደግሞ ጠበቃ፣ ሒሳብ አዋቂ፣ ኦዲተር፣ የቢሮ ኪራይ፣ የምሳ ወጪ አብሮ ይመጣል። የጀርመን ስሌትም ግልጽ ነው፤ ጎረቤት ጓሮዬ ገብቶ ፍሬ እየለቀመ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም እሱ ነው።

በ2021 ከ130 በላይ አገሮች ዓመታዊ ገቢያቸው ከ750 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሆኑ ኩባንያዎች ቢያንስ 15 በመቶ ይክፈሉ ብለው ተስማሙ። ማልታም ፈረመች። ግን የአውሮፓ ኅብረት ለትናንሽ አገሮች በከፈተው ቀዳዳ ተጠቅማ ተግባራዊነቱን እስከ ስድስት ዓመት አራዘመች። ጊዜ ገዛች እንጂ በሩ እየተዘጋ መሆኑ አልጠፋትም።

ሁለተኛው ትልቅ ዕቃ ቁማር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ቤቲንግ ቤት የሚያይ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ማልታ ግን የቁማርተኛው ሳይሆን የአቋማሪው አገር ናት። በ2004፣ ኅብረቱን በተቀላቀለችበት ዓመት፣ በኢንተርኔት ለሚደረግ ቁማር ሙሉ ደንብ አወጣች። በኅብረቱ ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበረች። ሌሎቹ አገሮች ከልክል አትከልክል እያሉ ሲከራከሩ የስዊድንና የእንግሊዝ ኩባንያዎች ስሊማና ሴንት ጁሊያንስ ሰፈር ቢሮ ተከራይተው ገቡ። ዛሬ ዘርፉ ከኢኮኖሚው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የማልታ የጨዋታ ባለሥልጣን ነው። “ጨዋታ” ይሉታል እንግዲህ።

ጨዋታው ፍርድ ቤት ገባ። በኦስትሪያና በጀርመን ገንዘባቸውን የተበሉ ሰዎች፣ ኩባንያው በእኛ አገር ፈቃድ ሳይኖረው ነው ያቋመረን ብለው ከሰሱ። ብዙዎቹ ረቱ፤ ገንዘቡ ይመለስ ተባለ። ፍርዱን ይዘው ወደ ማልታ ሲመጡስ? በ2023 የማልታ ፓርላማ አንድ አንቀጽ ጨመረ። ቁጥሩ 56ኤ ነው። በማልታ ፈቃድ የሚሠራን ኩባንያ የሚጎዳ የውጭ ፍርድ፣ የዘርፉን ሕጋዊ መሠረት የሚነካ ከሆነ፣ በማልታ ፍርድ ቤት አይፈጸምም። አንድ ኦስትሪያዊ ጡረተኛ በአገሩ ዳኛ ፊት ረትቶ ቫሌታ ላይ በሩ ይዘጋበታል። በአንድ ኅብረት ውስጥ፣ የአንዱ ፍርድ ሌላው ጋ ይከበራል ተብሎ በተፈራረሙ አገሮች መካከል። ብራስልስ፣ የኅብረቱ መቀመጫ፣ ዝም አላለችም፤ በ2025 በማልታ ላይ የሕግ ሂደት ከፈተች። በእኔ እይታ ደሴቲቱ ዕቃዋን ለማዳን ስትል ዕቃውን ዋጋ የሰጠውን ነገር ነው የምትነካው። የማልታ ፊርማ የሚከበረው የሌሎቹም ፊርማ ማልታ ውስጥ እስከተከበረ ድረስ ነው።

ሦስተኛው ዕቃ ፓስፖርት ነበር። በ2014 ተጀመረ። ዋጋው በጊዜ ተቀያይሯል። ከ2020 በኋላ በነበረው ደንብ፣ 36 ወር የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ የቆየ 600 ሺህ ዩሮ ይከፍላል፤ የቸኮለ ደግሞ በ12 ወር 750 ሺህ። በዚያ ላይ ቤት መግዛት ወይም መከራየት፣ 10 ሺህ ዩሮም ለበጎ አድራጎት። የሚገዛው ነገር የማልታ ፓስፖርት ብቻ ቢሆን ማን ይከፍላል? የሚገዛው ፓሪስ መኖር፣ በርሊን መሥራት ነው። ሻጭ ማልታ፣ ዕቃው ግን የሁሉም። ጋዜጠኞች በ2021 ያወጡት ምርመራ እንዳሳየው አንዳንዱ አመልካች “መኖሪያዬ” ያለው አፓርታማ ባዶውን ነበር የሚውል የሚያድረው።

ቆጵሮስ ተመሳሳዩን ሱቅ በ2020 በቅሌት ዘጋች። ማልታ እስከ መጨረሻው ተከራከረች። ሚያዝያ 29 ቀን 2025 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ወሰነ፤ ዜግነት የሸቀጥ ሽያጭ ሊሆን አይችልም። ማልታ በጥቂት ወራት ውስጥ ሕጓን ቀየረች። እስከዚያ ድረስ ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሰብስባለች።

ይሄን ሁሉ ነገር አገር ውስጥ ሆና ስትቆጥር የነበረች አንዲት ጋዜጠኛ ነበረች። ዳፍኒ ካሩዋና ጋሊዚያ። ብሎጓ ከብዙ ጋዜጣ በላይ ይነበብ ነበር። የሀብታሞችን ድብቅ የውጭ ኩባንያዎች ያጋለጡት የፓናማ ሰነዶች ሲወጡ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ቅርብ ሰዎች ስም እየጠራች ጻፈች። ጥቅምት 16 ቀን 2017 ከቤቷ ትንሽ ራቅ እንዳለች መኪናዋ ውስጥ የተጠመደ ቦምብ ገደላት። ቦምቡን በማፈንዳት የተከሰሱ ሁለት ወንድማማቾች በ2022 አርባ አርባ ዓመት ተፈረደባቸው። በ2019 መጨረሻ ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆሴፍ ሙስካት ሥልጣን እንደሚለቅ አስታወቀ። በ2021 የወጣው የአጣሪ ጉባኤ ሪፖርት መንግሥትን በግድያው እጁ አለበት አላለም፤ ማንም የማይጠየቅበት አየር በመፍጠሩ ግን ኃላፊነት አለበት አለ።

ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት፣ በሰኔ 2021፣ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከታተለው ዓለም አቀፉ ግብረ ኃይል ፋትፍ ማልታን ግራጫ ዝርዝር ውስጥ፣ ጥብቅ ክትትል ከሚደረግባቸው አገሮች ተርታ፣ አስገባት። ኢትዮጵያም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበረች፣ በ2019 ነው የወጣችው። ማልታ ዓመት ብቻ ነው የቆየችው፤ ግን ስም ለሚሸጥ አገር ዓመት ረጅም ነው። ባንኮቿ ደንግጠው ማንንም ማመን አቆሙ። እዚህ ነጥብ ላይ እመለሳለሁ።

በመሃል በ2018 “የብሎክቼይን ደሴት” ተብሎ የክሪፕቶ ሕግ ወጥቶ ነበር። ብዙ ተወራ፣ ከተወራው ጥቂቱ መጣ። አሁን በኅብረቱ አዲስ ደንብ አንዳንድ ትልልቅ የክሪፕቶ ኩባንያዎች ከማልታ ፈቃድ ወስደዋል። የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎችም ፈቃዱ እንዴት እንደሚሰጥ ማየት ጀምረዋል። ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ማልታ ትቀድማለች፣ ብራስልስ ትከተላለች።

ወደ መዝናናቱ እንምጣ፣ ብዙው ሰው የሚመጣበት እሱ ነውና።

ቫሌታ ጠባብ ናት። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ቤቱ ሁሉ ማር የመሰለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከግድግዳው ወጣ ያሉት የእንጨት በረንዳዎች አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ተቀብተዋል። መኪና በግራ ይነዳል፤ ቀዩ የስልክ ሳጥን ከእንግሊዝ ዘመን ቀርቷል። በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ውስጥ ካራቫጆ በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ ተሰቅሏል። ግድግዳ የሚያህል ሥዕል ነው። ሠዓሊው ሰው ገድሎ ከሮም የሸሸ ነበር፤ ማልታ ባላባት አደረገችው፤ በዚያው ዓመት ተጣልቶ ታሰረ፣ አመለጠ። ፊርማውን ያኖረው በዚህ ሥዕል ላይ ብቻ ነው። ከመጥምቁ አንገት በፈሰሰው ደም ውስጥ ነው ስሙን የጻፈው። ቀርበህ ካላየህ አታገኘውም።

ከዚያ የሚያረጀውን ፈልግ ካልክ ጎዞ ላይ የጅጋንቲያ ቤተ መቅደሶች አሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3600 ዓመተ ዓለም ገደማ የተሠሩ ናቸው፤ ጊዛ ላይ ፒራሚድ ከመቆሙ አንድ ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ። ሃል ሳፍሊዬኒ የሚባለው ከመሬት በታች የተፈለፈለው መቃብርና መቅደስ ደግሞ በ1902 የተገኘው ለቤት የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው። በሰዓት አሥር ሰው ብቻ ያስገባሉ። ትንፋሽ ድንጋዩን ስለሚጎዳ ነው። ትኬቱን ሳምንታት ቀድሞ መያዝ ነው።

ምግቡ ላይ ፓስቲዚ ሳይበሉ አይወጣም። ከብዙ ንብርብር ሊጥ ይሠራል፤ ውስጡ የሪኮታ አይብ ወይም የተፈጨ አተር ነው። ጫፍና ጫፉ ሹል ነው። ሲነክሱት እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል፤ ቅባቱ ጣት ላይ ይቀራል። ዋጋው በሳንቲም ነው የሚቆጠረው። የድሮ ሰዎች ከሱ ጋር ሻይ በብርጭቆ ይጠጣሉ። በሲኒ አይደለም፣ በብርጭቆ፤ የእኛ ሰው እዚህ ላይ እንግድነት አይሰማውም።

ቋንቋውም እንደዚያው ነው። ማልትኛ ሴማዊ ነው፤ ከሲሲሊ ዓረብኛ የወጣ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ፣ በጣሊያንኛ ቃላት የተሞላ። ከአውሮፓ ኅብረት ይፋዊ ቋንቋዎች ውስጥ ሴማዊው እሱ ብቻ ነው። ጆሮህን ጣል ካደረግህ ዘመድ ትሰማለህ። ዓይን “ዓይን” ነው፣ ራስም “ራስ”። ደም፣ ሞት፣ ስም፣ ልሳን ትንሽ ድምፃቸው ተለውጦ አሉ። “በይት” አለ፤ ትርጉሙ ግን ቤት ሳይሆን ጣሪያ ነው። ካቶሊኮቹ ዐቢይ ጾምን “ራንዳን”፣ ፋሲካን “ዒድ” ይላሉ። ቃሉን ከእስላም ወርሰው ጾሙን ከሮም።

ከእንግሊዝኛው ጋር ደግሞ ሌላ ገቢ አለ። እንግሊዝኛ ይፋዊ ቋንቋ ስለሆነ በየበጋው የጣሊያን፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓን ወጣት እየመጣ እንግሊዝኛ ይማራል። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ባሕር፣ ማታ ፓቼቪል ጭፈራ።

አሁን ወደ ችግሩ። ንግዱም መዝናኛውም የሚቀመጡት በዚያችው 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የቁማር ኩባንያው ሠራተኛ አፓርታማ ይፈልጋል። ቱሪስቱም አፓርታማ ይፈልጋል። የእንግሊዝኛ ተማሪውም። የሦስቱን አፓርታማ የሚገነባው ኔፓላዊም የሚያድርበት ይፈልጋል። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 417 ሺህ ሰው ነበር፣ በ2021 ደግሞ 519 ሺህ፤ ከአምስቱ ከአንድ በላይ የውጭ ዜጋ። ኪራይ ተሰቀለ። በስሊማ ባለ ሁለት ፎቅ የድሮ ቤት እየፈረሰ ባለ ስምንት ፎቅ ይበቅላል። ክሬን የሌለበት ፎቶ ማንሳት ራሱ ሥራ ሆኗል። በታኅሣሥ 2022 በግንባታ ላይ የነበረ ሕንፃ ተደርምሶ የ20 ዓመት ወጣት ሞተ። መንግሥት አጣሪ አላቋቁምም ብሎ ተከራከረ፤ እናትየው አደባባይ ወጥታ ሕዝቡን አስከተለች፤ መንግሥት ሐሳቡን ቀየረ።

በኮሚኖ ያለው ሰማያዊው ሐይቅ ሌላው ምስክር ነው። ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ አሸዋው ይታያል፤ ችግሩ ከውሃው የሰው ራስ መብዛቱ ነው። በ2025 ቦታ ቀድሞ ማስያዝና የእጅ ማሰሪያ መጣ፤ በአንድ ጊዜ ከ4 ሺህ ሰው በላይ አይገባም ተባለ። ጎዞ ላይ የነበረው “ሰማያዊው መስኮት” የሚባለው የድንጋይ ቅስት ግን ቀድሞ ሄዷል። በመጋቢት 2017 በማዕበል ተናደ። ዛሬም ጀልባ ወደ ቦታው ቱሪስት ይወስዳል፤ የሌለውን ነገር ለማየት።

ሠራተኛው ከየት ይመጣል? በፊት ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ፣ አሁን ከሕንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከኔፓል። ምግብ በሞተር የሚያደርሰው፣ አዛውንት የሚንከባከበው፣ ሆቴል አልጋ የሚያነጥፈው እሱ ነው። ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሥራ የለቀቀ ሰው ቶሎ ሌላ ካላገኘ ፈቃዱም ይሄዳል። ዱባይና ቤሩት እህት ያለው አንባቢ ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። በ2025 ዝቅተኛው የሳምንት ደመወዝ 221 ዩሮ ገደማ ነበር። በስሊማ ኪራይ መለካቱን ለእናንተ ትቻለሁ።

የእኛም ሰዎች ማልታን ያውቋታል፤ እንደ ቱሪስት አይደለም። ከ2002 ጀምሮ ከሊቢያ በጀልባ ተነስተው ጣሊያን ሊደርሱ ሲሉ ማልታ የወጡ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች ብዙ ናቸው። እንደ ጳውሎስ እሳት ተነድዶ አልጠበቃቸውም። ለዓመታት በነበረው ደንብ ሰው እስከ 18 ወር በዝግ ጣቢያ ይቆይ ነበር። ከዚያ ወደ ማርሳ ወይም ሃል ፋር ክፍት ካምፕ። ብዙዎቹ ኋላ ላይ በስደተኛ ማስፈሪያ ፕሮግራም ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ዛሬ ቨርጂኒያ ወይም ዳላስ ታክሲ የሚነዳ ሰው “ማልታ ነበርኩ” ሲል የሚያስታውሰው ሰማያዊውን ሐይቅ አይደለም።

ለመዝናናት ወይም ለንግድ ከአዲስ አበባ መሄድ ለሚፈልግስ? ማልታ በሼንገን፣ አንድ ቪዛ በሚያገለግልበት የአውሮፓ ቀጠና፣ ውስጥ ናት። ኅብረቱ በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ያጠበቀው ደንብ እሷንም ይመለከታል። የቪዛ መልስ መጠበቂያው ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አድጓል፣ ለብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛም አይሰጥም። ስለዚህ ከሐምሌ ትቶ ለጥቅምት ማሰብ ይሻላል። ሙቀቱም ረገብ ይላል፣ ሰውም ይቀንሳል፣ ባሕሩ ግን ገና ለብ ያለ ነው። ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ሰው የዲጂታል ዘላን ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ዓመታዊ ገቢው ቢያንስ 42 ሺህ ዩሮ ከሆነ።

ኩባንያ ማቋቋም ይቀላል። ለአንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ኩባንያ ዝቅተኛው ካፒታል 1,164 ዩሮ ከ69 ሳንቲም ነው። ቁጥሩ ለምን እንዲህ ተሰባበረ? በ2008 ዩሮ ሲገባ 500 የማልታ ሊራ እንዳለ ተመነዘረ፤ ማንም አላጠጋጋውም። ሲመዘገብ ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛው ብቻ መከፈል አለበት፤ ወደ 233 ዩሮ። ወረቀትህ ከተሟላ ምዝገባው የቀናት ጉዳይ ነው። ከዚያ ባንክ ትሄዳለህ። ግራጫው ዝርዝር ያስደነገጠው ባንክ ገንዘብህ ከየት መጣ፣ ደንበኞችህ እነማን ናቸው፣ ለምን ማልታ ብሎ ይጠይቅሃል። መልስ ትልካለህ። ሌላ ሰነድ ይጠይቅሃል። ሂሳብ ቁጥሩ እስኪመጣ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ አንዳንዴ አይመጣም። እስከዚያ ድረስ ፈቃድ፣ ማኅተምና የምዝገባ ቁጥር ያለው፣ አንድ ዩሮ ግን መቀበል የማይችል ኩባንያ ይኖርሃል።